ለእማዬ፣ ከቤሩት

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የላክሁልሽን ቅባት ማታ ማታ ተቀቢው። ለጎረቤት አታከፋፍይው፣ አደራ።

ባለፈው በስልክ «አንቺ እንደሆነ ወጥተሻል፣ በሰው ጣጣ ምን አገባሽ? ሆድ ይፍጀው ብለሽ ሥራሽን ሥሪ» አልሽኝ። መልስ ሳልሰጥሽ መስመሩ ተቋረጠ። ይሄ ደግሞ በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። እጽፍልሻለሁ፣ የእህቴ ልጅ ታንብብልሽ።

ሆዴ ሊፈጀው አልቻለም፣ እማዬ። በ2019 መጨረሻ (ዓመቱን እዚህ እንደሚቆጥሩት ነው የምጽፍልሽ) የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ባንኮቹ ዶላር መስጠት አቆሙ። 150 ዶላር ደሞዜ መጀመሪያ በሊራ ሆነ፣ ቀጥሎ «የሚመጣው ወር» ሆነ፣ በኋላ ጭራሽ ወሬውም ጠፋ። በሰኔ 2020 ማዳሜ ሃዝሚዬ የሚባል ሰፈር ወስዳ የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አወረደችኝ። የመኪናዋን መስታወት እንኳ ዝቅ አላደረገችም። እንደኔ የተጣሉትን በቴሌቪዥን አይተሽ ስታለቅሺ እንደሰነበትሽ ነግረውኛል። የማታውቂው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

አስፋልት ዳር ፍራሽ ያላት በፍራሽ፣ የሌላት በካርቶን ትተኛለች። እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም። ሌሊቱን ሙሉ ያልተከፈለኝን እደምራለሁ፣ ማዳሜን በሐሳቤ እሰድባለሁ፣ መስታወቷን አደቅቃለሁ። ሲነጋ እሷ ምንም አልሆነችም። የደከምኩት እኔ።

አንድ ጠዋት አጠገቤ የነበረች የጅማ ልጅ «አንቺ ተምረሻል አይደል? የኔን ሒሳብ ጻፊልኝ» አለችኝ። ከካርቶኑ ጫፍ ቀድጄ ጻፍኩላት። ስሟን፣ ሥራ የጀመረችበትን ወር፣ የተስማማችበትን ደሞዝ፣ የቀረባትን፣ የማዳሟን ስልክ። አድራሻውን ስለማታውቅ «ከሥሩ ፋርማሲ አለው፣ አራተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ ቢጫ መጋረጃ» እያለች አስጻፈችኝ። ቀና ስል ሌሎቹ ተራ ይዘው ቆመዋል። ያን ቀን ጥርሴን ሳልነክስ ዋልኩ። ማታም ተኛሁ።

ንዴቱ የወጣልኝ እንዳይመስልሽ። እንዲያውም ሕጉን ሳውቅ ባሰብኝ። የዚህ አገር የሠራተኛ ሕግ በ1946 ሲወጣ፣ 7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም ብሎ ዘግቶታል። መኖሪያ ፈቃዳችን ከአሠሪያችን ጋር የታሰረ ነው። ካፋላ የሚሉት ይህን ነው። ተበድለሽ ከቤት ከወጣሽ፣ ተፈላጊዋ አንቺው ነሽ። በመስከረም 2020 ለቤት ሠራተኞች አዲስ የቅጥር ውል ወጣ ሲባል እልል ብለን ነበር። በጥቅምት፣ የኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር ከስሶ፣ ፍርድ ቤት አገደው።

በዚያው በጥቅምት ግን የአገራችን ልጅ አሠሪዋንና ያስቀጠራትን ኤጀንሲ በባርነት ወንጀል ከሰሰች። ከ8 ዓመት በላይ ሠርታ የተከፈላት የ13 ወር ብቻ ነው። ክሱ ሲቀርብ እሷ አገሯ ገብታለች። ጉዳዩ ቀጠሮ በቀጠሮ ሆኗል፣ የፍርድ ቤትን ነገር ለአንቺ አልነግርሽም። እኔን የገረመኝ ግን መቻሉ ነው፤ ለካ መክሰስ ይቻላል!

«እኛ ለእኛ በስደት» የሚባል ማኅበርም አለ። በ2017 የጀመሩት እንደኔው የሰው ቤት ሲሠሩ የነበሩ ሴቶች ናቸው። በዚያ በክፉ ጊዜ ምግብና የቤት ኪራይ ሲያዳርሱ ሳይ፣ ያቺን ካርቶን ወደ ደብተር ገለበጥኳት።

አሁን እሁድ እሁድ ዳውራ የሚባለው ሰፈር እንገናኛለን። ቡና ይፈላል፣ ደብተሩ ይወጣል። ጠበቃ ጋ ስንሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀን ቀንና ብር ነው፤ ለቅሶ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ሁሌ ይሳካል አልልሽም። ለአንዷ ጠበቃው ደውሎ ግማሹን አስከፈላት። የሌላዋ ማዳም ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። የኔም አልተከፈለም፤ የሚከፈልም አይመስለኝም።

አንቺ «ዝም አይነቅዝም» ማለት ትወጃለሽ። አጎቴ የአባዬን መሬት ድንበር ገፍቶ ሲያርስ ግን መች ዝም አልሽ? የግብሩን ደረሰኝ በመቀነትሽ ቋጥረሽ ስንት ቀጠሮ ተመላለስሽ። እሱ ዳኛው ፊት ሲጮህ፣ አንቺ ከአፍሽ አንድ ስድብ ሳይወጣ መቀነትሽን ፈታሽ። ስለዚህ አሁን እኔን «ምን አገባሽ» ማለቱ አያምርብሽም፣ ይቅርታ አድርጊልኝና።

የጎረቤታችን ልጅ ወደዚህ ልትመጣ ነው ብለሽኛል። በደላላ ከሆነ ይቅርባት። ቆርጣ ከተነሳች ደግሞ ፓስፖርቷንና ውሏን ፎቶ አንስታ ለእናቷም ለእኔም ትላክ። ቁጥሬን በቃሏ ታጥና፤ እዚህ ስልክ ይነጠቃል። ደሞዝሽ እኔ ጋ ይቀመጥልሽ ካሏት እሺ እንዳትል፣ በየወሩ አገር ቤት ታስልክ። የተቀበለችበትንና የቀረባትን ወር ለብቻዋ ትጻፍ። ከመፈረሟ በፊት ደግሞ ትደውልልኝ። እሁድ ከሰዓት ይሁን፣ ሌላ ቀን ሥራ ላይ ነኝ።

ልጅሽ