ለለቅሶ ድንኳን ማሞቂያ ከመግዛታችን በፊት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጅማ ከተማ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት አባል የሆነበት የአንድ ዕድር ንብረት ያዥ ነኝ፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሳህኑና ድስቱ በእኔ ቁልፍ ሥር ነው። ዕድራችን ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤው ለለቅሶ ድንኳን የሚሆን ማሞቂያ እንዲገዛ ወስኖ የመምረጡን ኃላፊነት ለእኔና ለሁለት አባላት ሰጥቶን ነበር። በፍለጋው የተረዳነው ነገር በእኛ ዕድር ብቻ ተወስኖ መቅረት የለበትም ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ እንድታትሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጅማ ብርድ የላትም የሚል ሰው ሌሊቷን ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ አላሳለፈም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ዝናቧም ረጅም በመሆኑ በተለይ በአዌቱ ወንዝ ዳር ባሉ ሰፈሮች የሐምሌ ሌሊት እርጥበት አጥንት ድረስ ይሰማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር ብርዱ ሌላ ነው። ሀዘንተኛን ብቻውን ትቶ መሄድ ነውር በመሆኑ ሽማግሌዎችና እናቶች እስከ እኩለ ሌሊት ይቀመጣሉ። ስለዚህ የድንኳኑን ጎኖች በሸራ እንጋርዳለን፣ ነፋሱ እንዳይገባም የሸራውን ጫፍ በድንጋይ እንጫነዋለን፣ ከዚያም የከሰል ምድጃ እናስገባለን።

ባለፈው ክረምት እንዲህ ባለ ድንኳን ውስጥ ከተቀመጡት ሀዘንተኞች መካከል አንዲት እናት ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ራሴን አመመኝ አሉ፤ ጥቂት ቆይቶ አቅለሸለሻቸው፤ ልነሣ ሲሉም ጉልበታቸው ከዳቸው። ሁላችንም ሀዘኑ ነው፣ እህል አልቀመሱም አልን። ውኃ ረጨንባቸው፣ ሎሚ አሸተትናቸው፣ ይሙቃቸው ብለንም ምድጃውን ይበልጥ አስጠጋንላቸው። ወደ ውጭ ያወጣናቸው አንድ ወጣት ጎረቤት የእሱንም ራስ እንደሚወቅረው ሲናገር፣ በዚያው ጥግ የተቀመጡ ሌሎች አራት ሰዎች «እኔንም» ስላሉ ብቻ ነው። ሐኪም ቤት ደርሰው ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ተረፉ። ምድጃውን ያስጠጋሁላቸው እኔ ነበርሁ፤ ያ ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ከሰል ሲቀጣጠል የሚጨሰው ጭስ ፍሙ ሲቀላ ስለሚጠፋ፣ ጉዳቱም አብሮ የጠፋ ይመስለናል። «ከፋመ በኋላ ችግር የለውም» የሚለውን አባባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እውነቱ ግን የሚገድለው የሚታየው ጭስ ሳይሆን፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፤ ይህንንም የቀላው ፍም ያለማቋረጥ ያወጣዋል። ጋዙ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ስለሚይዘው፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ኦክስጅን ያጣል። ምልክቶቹም ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ናቸው። የለቅሶ ድንኳንን ከማንኛውም ቦታ ይልቅ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ሲያለቅስ የዋለ፣ ያልበላና ያልተኛ ሰው እነዚህን ምልክቶች ሁሉ ቢያሳይ ማንም አይደነግጥም። የሕክምና ባለሙያ ያልሆነ አንባቢ ይህን ደግሞ ልብ ቢል እወዳለሁ፦ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ከደኅነኛው ለይቶ ስለማያውቅ ቁጥሩ ጤናማ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ በሽተኛው ከሰል አጠገብ ተቀምጦ እንደነበር ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ጉባኤው ማሞቂያ ይገዛ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ዓይናችን ያረፈው ረጅም ቋሚ ያለው፣ ሲሊንደሩ ከሥሩ የሚቀመጥበትና አናቱ ላይ እንደ ባርኔጣ የተዘረጋ ክዳን ያለው የጋዝ ማሞቂያ ላይ ነበር። ሲያዩት ያምራል፣ ጭስ የለውም፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ዳሩ ግን ትልቁ ዓይነት በሙሉ ኃይሉ ወደ 13 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ሙቀት ሲያወጣ በሰዓት ወደ 1 ኪሎ ግራም ጋዝ ስለሚያቃጥል፣ 12.5 ኪሎ ግራም የሚይዝ ሲሊንደር ከ12 ወይም 13 ሰዓት በላይ አያገለግልም፤ ይህም ለሁለት ምሽት ለቅሶ እንኳ በጭንቅ የሚበቃ ነው። ሙቀቱም በዙሪያው ሁለት ሦስት ሜትር ያህል ቦታ ላይ ለተቀመጠው ሰው እንጂ ለድንኳኑ ሙሉ አይዳረስም።

ከወጪው ይልቅ ያሳሰበን ሌላ ነው። ይህ ዕቃ የተሠራው ለገላጣ ቦታ ነው። የብዙ አምራቾች መመሪያ ማሞቂያው የሚቆምበት ቦታ ከግድግዳው ስፋት ቢያንስ ሩቡ ክፍት መሆን እንዳለበት ያዛል፤ እኛ ደግሞ ድንኳኑን በአራቱም ጎን ጋርደን፣ ጫፉን በድንጋይ ጭነን የምንቀመጥ ሰዎች ነን። ሸራ የተጋረደበት ድንኳን ክፍል ነው፤ በላስቲክ የተሸፈነ የካፌ በረንዳም እንዲሁ ክፍል ነው። ጋዝም አየር ባነሰው ቁጥር እንደ ከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በዚህ ላይ በጅማ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር ተመጥኖ የመጣ ማሞቂያ የሚያስፈልገውን ያህል ኦክስጅን ሳያገኝ ሊነድ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ዕቃው ለስንት ሜትር ከፍታ እንደተሠራ መጠየቅ ይገባል። ከተገዛም በኋላ ከክዳኑ ሥር ነበልባሉ የሚነድበት የብረት መረብ እኩል መቅላቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ቢጫ ነበልባል ከመረቡ በላይ እየዘለለ ክዳኑን ጥላሸት ካለበሰው ወዲያው ዘግቶ ለባለሙያ ማሳየት ነው።

ስለ ጋዙ አንድ ነገር ልጨምር፤ በየትኛውም መመሪያ ላይ አላየሁትምና። ዝናብ እንዳይገባ በድንኳኑ ዙሪያ ቦይ እንቆፍራለን። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር የሚከብድ በመሆኑ ጎማው ወይም ሬጉሌተሩ ቢያፈስ ጋዙ ወደ ላይ በንኖ አይጠፋም፤ መሬት ለመሬት ሄዶ በዚያው ቦይ ውስጥ ይተኛል፤ ሲጋራ የሚያጨሰውም ቡና የምታፈላውም ከቦዩ ዳር ናቸው። እንግዲህ ማሞቂያው በተተከለ ቁጥር መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ መቀባትና አረፋው እየተነፋ መሆን አለመሆኑን ማየት የግድ ነው፤ በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ አይገባም። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ አይጋደም። ማሞቂያው ሲያጋድል ራሱን የሚያጠፋና ነበልባሉ ሲጠፋም ጋዙን የሚዘጋ መሆኑን ሻጩ በተግባር ካላሳየ ዕቃውን መውሰድ አያስፈልግም፤ ሕፃናት በሚሯሯጡበት፣ የድንኳን ገመድ በተወጠረበት ቦታ መውደቁ አይቀርምና።

በመጨረሻ ያመዘንነው ወደ ኤሌክትሪኩ ነው። ምሰሶ ላይ የሚሰቀለው የጨረር ማሞቂያ አየሩን ሳይሆን ሰውየውንና ወንበሩን ስለሚያሞቅ፣ ነፋስ ቢገባም ሙቀቱ ሙሉ በሙሉ አይወሰድም፤ የሚነድ ነገር ስለሌለውም አየር አይመርዝም። እንደሱም ሆኖ የራሱ ጥንቃቄ አለው። 2,000 ዋት የሚባለው በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ስለሚወስድ፣ ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት 16 አምፔር ለሚችል ሶኬት ከአቅሙ በላይ ነው። እኛ ደግሞ ለድንኳን የምንጠቀመው ከጎረቤት ቤት የሚሳበውን፣ ለአምፖል ብቻ የሚሆነውን ቀጭን ሽቦ ነው፤ በዚያ ሽቦ ማሞቂያ ማሠራት ማለት ሽቦውን ራሱን ማሞቂያ ማድረግ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሞቂያ የሽቦው ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነና የምድር ሽቦም ያለው የራሱ መስመር እንዲገዛ፣ መስመሩም ተጠቅልሎ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ እንዲሠራበት፣ ከፊቱም በ30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ራሱን የሚያቋርጥ ብሬከር እንዲገባ ጠይቀናል። ማሞቂያው ላይ አይፒ 44 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ምልክት መኖሩንም አይተናል፤ ይህ ምልክት የውኃ ፍንጣቂ እንደማያበላሸው የሚገልጽ ነው፤ በጅማ ዝናብ ያለ እሱ መግዛት አይታሰብም። ከሸራው ጋር ያለው ርቀትም ቢያንስ አንድ ሜትር እንዲሆን ተስማምተናል።

መብራት ሲጠፋስ ያሉን አባላት ነበሩ፤ ጥያቄያቸውም ትክክል ነው። መልሳችን ጋዝ አይደለም። ዕድሩ ሃያ ጋቢ ገዝቶ ከድንኳኑ ጋር ያስቀምጥ ብለናል፤ ለሽማግሌና ለእናት ጋቢ ደርቦ ትኩስ ሻይ መስጠት ከማንኛውም ማሞቂያ በፊት የሚመጣ ነው። የከሰል ምድጃው ለቡና ብቻ ይሁን፣ ቦታውም ከድንኳኑ ውጭ ይሁን የሚል አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ እንዲገባም ሐሳብ አቅርበናል። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ አንድ እንኳ ተፈልጎ እንዲገዛ እኔ በግሌ አጥብቄ ጠይቄአለሁ።

ማሞቂያ አስመጪዎችና ሻጮች የአጠቃቀም መመሪያውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፈው ከዕቃው ጋር እንዲሰጡ በጋዜጣችሁ በኩል እለምናለሁ፤ ያየናቸው መመሪያዎች ሁሉ አብዛኛው አባላችን በማያነበው ቋንቋ የተጻፉ ነበሩ። የእሳት አደጋ መከላከል ባለሙያዎችም ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የዕድር ንብረት ያዦችን ሰብስበው ለአንድ ቀን ቢያስተምሩን፣ ድንኳኑን የምናቀርብላቸው እኛው ነን።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በድንኳን ምሰሶ ላይ ሰቅለው የተጠቀሙ የሌላ ከተማ ዕድሮች ካሉ፣ በምን ያህል ከፍታ እንደሰቀሉትና ምሰሶው ክብደቱን እንዴት እንደቻለው በዚሁ ገጽ ቢጽፉልን ውለታቸው ትልቅ ነው። የእኛ ምሰሶ ቀጭን ብረት ስለሆነ ይህ ጥያቄ ገና አልተፈታልንም፤ ግዢውም እስከዚያው ቆሟል።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ዕድር ንብረት ያዥ፣ ከጅማ