በእንግሊዝኛ የጻፈ ኢትዮጵያዊ የለም ያላችሁ ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ልቦለድ የተማሪዎችን እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚያሻሽል ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ሐሳቡን እኔም እደግፈዋለሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አናደደችኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአገራችን ልቦለድ ስለሌለ የውጭ መጻሕፍት ማስመጣት ግድ ነው ትላለች።

ዳኛቸው ወርቁ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»ን በእንግሊዝኛ ጽፎ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ስለ አፄ ቴዎድሮስ «ዋሪየር ኪንግ»ን ጽፏል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ «ዘ አፈርሳታ»ን። ተውኔት ከተፈለገ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦዳ ኦክ ኦራክል» አለ፣ ያውም እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ። ለአንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር ስልክ ብትደውሉ ይህን ሁሉ በደቂቃ ይነግራችሁ ነበር። አልደወላችሁም።

የምቆጨው ለደራስያኑ ስም ብቻ አይደለም። እኔ ወሎ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ ዘጠነኛ ሲገቡ ታሪኩም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። በዚያ ላይ ስለማያውቁት አገር የሚተርክ ልቦለድ ሲሰጣቸው ቋንቋውም ዓለሙም አብሮ ይከብዳቸዋል። «ዘ አፈርሳታ» ላይ ግን ጎጆ ይቃጠላል፣ የአገሬው ሰው አጥፊውን ለማውጣት ይሰበሰባል። ስብሰባውን፣ መሐላውን፣ የሽማግሌውን አነጋገር ልጆቹ ከቤታቸው ያውቁታል። አዲስ የሚሆንባቸው እንግሊዝኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ያልገባቸውን ቃል ከታሪኩ ይገምታሉ። ማን አቃጠለው ብዬ ስጠይቅ፣ ሌላ ጊዜ አፉን የማይከፍት ልጅ ሳይቀር እየተንተባተበም ቢሆን በእንግሊዝኛ ይከራከራል። የሰዋስው ሕግ በማስሸምደድ ይህን አግኝቼው አላውቅም።

መጽሐፉ ያለኝ አንድ ቅጂ ነው፣ እሱም የራሴ። ገጹን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየገለበጥኩ ነው የማስነብበው። ከአለቆቼ ያገኘሁት ምስጋና ደግሞ «ከመማሪያ መጽሐፉ ወጥተሃል» የሚል ተግሣጽ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተናም መልስ ምረጥ እንጂ አንድ አንቀጽ ጻፍ አይልም። እንዲህ ባለበት ልቦለድ ማስነበብ ጊዜ ማባከን ቢመስላቸው ምን ይገርማል?

ዘገባችሁ ከዚህ አንዱንም አላነሳም። ያነጋገራችኋቸው መምህራን በሙሉ የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው። ቤተ መጻሕፍታቸው የሞላ ትምህርት ቤቶችን አይታችሁ ስለ አገሩ ሁሉ ፈረዳችሁ። አብዛኛው የአገሪቱ ተማሪ እኮ ያለው እኛ ጋ ነው!

ያችን ዓረፍተ ነገር አርሙልን። ቀጥሎም እነዚህ መጻሕፍት በየትምህርት ቤቱ የማይገኙት ለምን እንደሆነ ትምህርት ሚኒስቴርን ጠይቁና መልሱን አትሙት። ተማሪዎቼን ይዤ አነበዋለሁ።

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከወሎ