ሳሎኑ ስንት ሲሚንቶ ይበላል?

ወንድም ዓለም፣

ሰላምታውን እንደ ልማዳችን ባላስረዝም አትቀየመኝ፤ ግንበኛው ጋ ከመሄድህ በፊት ይህ ይድረስህ ብዬ ነው። ገንዘቡን ትናንት ልኬአለሁ። እሱ ከጠየቀው የ20 ኩንታል ሲሚንቶ ዋጋ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ስስት እንዳይመስልህ! የእህታችንን የሠርግ ወጪ ለብቻው አስቀምጫለሁ።

ሳሎኑ 6 በ4 ሜትር ነው ብለኸኛል፤ 24 ካሬ ማለት ነው። የወለሉ አርማታ ውፍረት 10 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እሱም ወደ ሜትር ይለወጥና 0.10 ይሆናል። 24ን በ0.10 ስታባዛ 2.4 ሜትር ኩብ ይመጣል። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር ከተቦካ ለአንድ ሜትር ኩብ 320 ኪሎ ገደማ ሲሚንቶ ይገባል። ጠቅላላው 768 ኪሎ ነው፤ ለብክነቱ ጨምረህ 9 ኩንታል በለው። ግድግዳውንም ሊለስን አስቦ ከሆነ ይናገር፣ እልካለሁ። ሌባ እንዳትለው ግን፤ ሜትር ይዘህ አብራችሁ ለኩ።

እማዬ ይህን ከየት አወቀው ካለችህ፣ ዱባይ መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ ይቆጥራል በላት። ፊቴም አልጠቆረም፤ ፎቶው ጨለማ ላይ ተነስቶ ነው። ክፍላችን 12 ካሬ ነው፤ ስድስት ስለሆንን ብቸኝነት የሚባል ነገር የለም። እሷ ግን ደህና ነኝ ብላ የደም ግፊት መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ። በስልክ ስጠይቃት ወሬ ትለውጥብኛለች፤ አንተ ብልቃጡን ክፈትና እይ።

ሙሽሪት ሴራሚክ አምሯት የለ? 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነው አንዱ 0.16 ካሬ ስለሚሸፍን ለ24 ካሬ 150 ይበቃል፤ ለሚሰበረው 10 ጨምር። ቀለሙን ራሷ ትምረጥ። ነጭ ይቆሽሻል ብላችሁ እንዳትከራከሯት። ትንሽ ሳለች በጀርባዬ አዝያት ወንዝ ስሻገር ጆሮዬን ይዛ ትጮህ ነበር፤ አሁን ሽማግሌ ተልኮባት፣ እሺ ተብሎ፣ እኔ በስልክ ሰማሁ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ የሚከለክለው ታላቅ ወንድም ነበር። እንግዲህ አንተ ትቆማለህ። ቶሎ አትክፈትላቸው፤ ላባቸው ጠብ ይበል።

አርማታው ከሠርጉ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ይሞላ። የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ውሃ አጠጡት፤ ካልሆነ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ነው ሴራሚኩ የሚነጠፈው። የለካችሁትን ቁጥር ጻፍልኝ።

ወንድምህ