ብርድ ልብስ ራሱ አያሞቅም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ያው ብዙ ሰው ስለ ፖለቲካ ነው የሚጽፍላችሁ እኔ ግን ስለ ሙቀት ነው። ሰው ሁሉ «ብረት ቀዝቃዛ ነው፣ እንጨት ግን ሞቅ ይላል» ሲል እሰማለሁ፣ እኮ ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ካደሩ ቴርሞሜትር ብታደርጉባቸው እኩል ነው የሚያሳየው! ብረቱ የእጃችንን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስደው ነው እንጂ፣ እጅ ደግሞ የሚያውቀው የራሱ ቆዳ ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ነው የእቃውን ዲግሪ አይደለም። ሙቀት ሁሌ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው የሚሄደው፣ እኩል እስኪሆኑ።

ፍጥነቱ ነው የሚለያየው። መዳብ ከማይዝግ ብረት ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል፣ አልማዝ ደግሞ መዳብን ራሱን 5 እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር ሆኖ ይሄን ማድረጉ ሁሌም ይገርመኛል። የማይንቀሳቀስ አየር ግን በጣም ሰነፍ ነው፣ ሱፍና ስፖንጅ የሚጠቅሙትም መሀላቸው አየር ስለሚይዙ ነው። በረዶ በብርድ ልብስ ቢጠቀለል ቶሎ የሚቀልጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ እንደውም ያቆየዋል።

ፔርሙስማ ሌላ ነው፣ በሁለቱ ግድግዳ መሀል አየሩ ስለወጣ ሙቀት በዚያ በኩል የሚያልፈው በጨረር ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ እሱንም የሚያብረቀርቀው ቅብ አብዛኛውን ይመልሰዋል። ባዶ ቦታ ጨረርን አያግድማ፣ የፀሐይ ሙቀት 150 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማ አቋርጦ የሚደርሰን እንደዛ ነው።

እባካችሁ ይሄን ነገር በስዕል አድርጋችሁ አንድ ቀን አውጡልን፣ ለተማሪዎችም ይሆናል።

አንባቢያችሁ