ወደ ቤተልሔም ከመሄዳችን በፊት

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

«ከኢየሩሳሌም ቤተልሔም ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ፦ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሰዓቱን የሚወስነው ግን መታወቂያ ነው። የእኛ አውቶቡስ በመካከል ባለው የእስራኤል ኬላ ላይ ብዙም አይቆይም፤ ወታደር ገብቶ ፓስፖርት ያይ ይሆናል፣ በቃ። አረንጓዴ መታወቂያ (የዌስት ባንክ ፍልስጤማውያን መታወቂያ) የያዘው የቤተልሔም ሰው ግን ለሕክምናም ሆነ ለጸሎት ኢየሩሳሌም ለመግባት ከእስራኤል ባለሥልጣናት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ፈቃድ ያለው የግንባታ ሠራተኛ እንኳ ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ ነበር የሚሰለፈው። በብረት ፍርግርግ በታጠረ ጠባብ መተላለፊያ ትከሻ ለትከሻ ተፋፍገው ይቆማሉ፤ የሚሽከረከረው በር ጥቂት ሰው አሳልፎ ይቆለፋል፣ የቀረው እንደገና ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ደግሞ አብዛኛው የሥራ ፈቃድ ስለታገደ ሰልፉም ደመወዙም ቀረ።

ቤተልሔምን ከኢየሩሳሌም የሚለየውን ግንብ ታዩታላችሁ፣ ቁመቱ 8 ሜትር ገደማ ነው። የራሔልን መቃብር ከከተማው ነጥሎ ወደ ኢየሩሳሌም በኩል አስቀርቶታል። እስራኤል የአጥፍቶ ጠፊዎችን ጥቃት ለመከላከል የሠራሁት ነው ትላለች፤ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ በተያዘው የፍልስጤም መሬት ላይ መሠራቱ ሕግን ይጥሳል ብሏል።

የወይራ እንጨት መስቀል መግዛት የምትፈልጉ ከዚያው ከቤተልሔም ባለሱቆች ግዙ፤ አብዛኞቹ ኢየሩሳሌም ወጥተው መሸጥ አይችሉም፣ ተሳላሚ ሲጠፋም ሱቃቸው ይዘጋል። ኬላው ላይ ፎቶ አታንሱ። ፓስፖርታችሁንም እባካችሁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ በእጃችሁ ያዙት።