በሌዮን ከተማ ላስታመማችሁኝ ጎረቤቶቼና በየሀገሩ ሆናችሁ ለጸለያችሁልኝ ሁሉ

ከሞት አፋፍ የመለሰኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሆስፒታል ወጥቼ ቤቴ ከገባሁ ወዲህ ከአዲስ አበባም ከአሜሪካም እየደወላችሁ «ምን ሆነሽ ነበር? በዚያ በባዕድ ሀገር ማን አስታመመሽ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ አልቻልኩም። ደግሞም ያስታመሙኝ ሰዎች ምስጋናቸው በአደባባይ መነገር ስላለበት ይህን ጻፍኩ።

እንደምታውቁት በመካከለኛው አሜሪካ ባለችው በኒካራጓዋ፣ ሌዮን በምትባል ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሌዮን ከፓስፊክ ውቅያኖስ ብዙም ሳትርቅ ቆላ ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ በሀገሪቱ በሙቀቷ ስሟ የሚነሣ ከተማ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም እፎይ አያሰኝም። ሰዉ ቀኑን በወፍራም የጭቃ ጡብ ግድግዳ ውስጥ ተጠልሎ ይውልና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተወዛዋዥ ወንበሩን አውጥቶ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ ሐበሻ አላውቅም። ቢሆንም በዚህ ሰፈር ሰው ሳይታይ አይታመምም፤ እኔንም ያተረፈኝ ይኸው ደጃፍ ላይ የመቀመጥ ልማድ ነው።

የያዘኝ ደንጊ የሚባል የትኩሳት በሽታ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ እንደ ወባዋ ሌሊት ሳይሆን ቀን የምትናከስ፣ ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ የምትራባ ናት። እዚህ በየጓሮው «ፒላ» የሚሉት የሲሚንቶ የውሃ ገንዳ አለ። የጤና በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የትንኝ እጭ የሚገድል መድኃኒት ይጨምሩበታል፤ ክረምቱ ሲገባ ግን በሽታው ብቅ ማለቱ አይቀርም።

የመንገዳችን ጥግ ላይ ያለሽው የፋርማሲ ባለሙያ እህቴ፣ በመጀመሪያ አንቺን አመሰግናለሁ። ራሴን ይዤ፣ ዓይኔ ከውስጥ እየወጋኝ፣ ኢቡፕሮፌን ስጪኝ ስልሽ ግንባሬን ዳስሰሽ «ይህንን አልሸጥልሽም» አልሽኝ። ደንጊ የያዘው ሰው ኢቡፕሮፌን ወይም አስፒሪን ሲወስድ የመድማት አደጋው እንደሚብስ ታውቂያለሽና። ፓራሲታሞልና በውሃ የሚበጠበጥ ኦአርኤስ ሰጥተሽኝ፣ ሱቅሽን ለእህትሽ ትተሽ እስከ ጤና ጣቢያው ሸኘሽኝ። ገበያሽን ይባርክልሽ።

ፊት ለፊቴ የሚኖሩት እናት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ዶኛ» እያለ የሚያከብርዎ፣ የእርስዎን ውለታ እንዴት አድርጌ እጽፈዋለሁ? ትኩሳቱ የለቀቀኝ ዕለት፣ እኛ ሀገር ወባ ሲለቅ ሰው እንደሚደሰተው ደስ ብሎኝ ነበር። እርስዎ ግን መረቁን በእጅዎ ይዘው «ልጄ፣ የሚፈራው ገና አሁን ነው» አሉኝ። እውነት ነበር። ደንጊ የሚከፋው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፤ ያን ጊዜ ፈሳሹ ከደም ሥር እያመለጠ ይወጣል፤ ደምን የሚያረጋው ፕሌትሌት ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ሆዴን ሲቆርጠኝና ድዴ ሲደማ እርስዎ ከደጄ አልራቁም ነበር። የወንድምዎን ልጅ ከነታክሲው ጠርተው ወሰዱኝ። ሐኪሙ ደሜን ካየ በኋላ እስከ ማታ ብቆይ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን እንደነበር ነገረኝ። ወላጅ እናቴ ሁልጊዜ በጸሎቷ ስምዎን ታነሣለች።

የሆስፒታሉ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ይህን ቫይረስ የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ያዳነኝ የእናንተ ንቃት ነው። በደም ሥሬ የሚገባውን ግሉኮስ እየለካችሁ፣ የደም ግፊቴን በየሰዓቱ እያያችሁ፣ ውሃው ሲያንስም ሲበዛም እንደሚጎዳ እያስረዳችሁኝ ያነጋችሁትን ሌሊት አልረሳም። የመንግሥት ሆስፒታል ነውና ክፍያ አልተጠየቅኩም። ከየት እንደመጣሁ የተጠየቅኩትም ሕመሙ ጋብ ካለልኝ በኋላ፣ ለወሬ ያህል ነው። ከአጠገቤ የተኛችው ልጅ ቤተሰቦች ደግሞ ከቤታቸው ያመጡትን ማራገቢያ ወደ እኔም እንዲነፍስ መሐል ላይ አኖሩት። በዚያ ሙቀት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የተኛበት ያውቀዋል።

ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። ጎረቤቶቼ መጾሜን ስለሚያውቁ ቀይ ባቄላና ሩዝ አንድ ላይ የሚጠበሰውን ጋዮ ፒንቶ ያለ አይብና ያለ ክሬም ሠርተው ያመጡልኝ ነበር። የንስሐ አባቴ በስልክ «ለታመመ ሰው መድኃኒቱ መብላት ነው» ብለው ካጽናኑኝ በኋላ ነው የዶሮውን መረቅ የተቀበልኩት። አባቴ፣ ቡራኬዎ አይለየኝ።

እ.ኤ.አ. በ1947 ሴሮ ኔግሮ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በከተማዋ ላይ አመድ ሲያዘንብ፣ የሌዮን ጳጳስ ለእመቤታችን ስእለት ተሳሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኦገስት 14 ምሽት ሰው ከቤት ቤት እየዞረ «ይህን ሁሉ ደስታ ያመጣው ማን ነው?» ብሎ ይጮኻል፤ ባለቤቶቹም «የማርያም ዕርገት!» ብለው መልሰው ጣፋጭና ፍራፍሬ ያድላሉ። እኔ ያን ምሽት አልጋ ላይ ነበርኩ። የሰፈሬ ልጆች፣ ድርሻዬን በከረጢት ቋጥራችሁ በማግስቱ ላካችሁልኝ። በእኛ ሱባኤ መካከል፣ ከሀገሬ እጅግ ርቄ፣ የእመቤቴ ስም እንደዚያ በአደባባይ መጠራቱን መስማት ከግሉኮሱ እኩል አበረታኝ።

በአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሪው ነርሷ እህቴ፣ የላቦራቶሪ ውጤቴን በስልክ እየተቀበልሽ፣ ከአዳር ሥራሽ ወጥተሽ እንቅልፍሽን ትተሽ በአማርኛ አብራራሽልኝ። ሰው ሲደክም የሚገባው የእናቱ ቋንቋ ብቻ ነው። እማዬ፣ እዚህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ሊነጋ ነውና፣ ከኪዳን በፊት ደውለሽ «በርቺ» ስትዪኝ ሌሊቱ ያጥርልኝ ነበር።

ድሬዳዋ ያላችሁ ወዳጆቼ ደግሞ፣ ደንጊ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ እናንተም እንደገባ ታስታውሳላችሁ። የውሃ በርሜላችሁን ክደኑ፤ ትኩሳት ሲለቅ ሆድ ቁርጠት፣ ትውከት ወይም መድማት ከተከተለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው በደጄ ነበረኝ።

ሥራዬን እስክመለስ ተማሪዎቼን ተከፋፍላችሁ ያስተማራችሁልኝ ባልደረቦቼ፣ ልብሴን ያጠባችሁ፣ በሬን የጠበቃችሁ፣ ሻማ ያበራችሁልኝ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልኝ።

አክባሪያችሁ፣
ከሌዮን፣ ኒካራጓዋ