እማዬ፣ ስለዚያ ፎቶ

ዱባይ
ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሰላምታዋን አሳጠረች ብለሽ አትቀየሚኝ፤ ሆዴ ውስጥ ያላረፈ ነገር አለ።

በኢሞ ስትደውሉ ሳላነሳ ሦስት ሳምንት ሊሞላኝ ነው። ስልኬ አልተበላሸም። አፍሬ ነው። ደግሞም ተቀይሜ ነው፤ ለምን እዋሻለሁ? በስልክ ብናወራ ወይ አለቅሳለሁ ወይ እቆጣለሁ። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩትና ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ በቴሌግራም ላክኩለት። እሱ ያነብልሻል። ቀስ ብሎ ያንብብ፤ እንደ ሬዲዮ ዜና አያስሩጠው።

ዝምታ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ፣ መስመሩ ጠፍቶ፣ ኑራችሁ ይሁን ሞታችሁ ሳላውቅ ስልኬን ትራሴ ሥር ሸጉጬ ነበር የምተኛው። ያን ያየሁ ሰው መልሼ እናቴን ዝም አልኩ። ለዚህ አፉ በይኝ።

ስለ ፎቶው ግን እስኪ ስሚኝ።

የአክስቴ ልጅ «እህቷ ኒካሕ ታስራለች፣ እሷ ዱባይ ላይ አሳ ታማርጣለች» አለች አሉ። ቃሉ እዚህ ድረስ ደረሰኝ። ወሬ ቪዛ አይጠይቅም መቼም። ጃፓን ምግብ ቤት እራት ላይ የተነሳሁትን ፎቶ ስቶሪ ላይ የለጠፍኩት ራሴ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም። ቀኑ ቅዳሜ ጥር 9 ነበር። የእህቴ ኒካሕ ቀን። እሱንም አውቃለሁ።

መጀመሪያ ስለ ብሩ። 80,000 እልካለሁ አልኩ፣ 30,000 ላክኩ። እውነት ነው። እዚህ አሥር ሆነን እቁብ እንጥላለን፣ በወር 400 ድርሃም። የጥር እጣ ለእኔ ይወጣል ብዬ በሱ ተማምኜ ነበር ቃል የገባሁት። ለሌላ ወጣ። ቀይሪኝ ብዬ ለመንኳት፤ እሷም የምታሳክመው ልጅ አላት፣ እምቢ አለችኝ። አልፈርድባትም። ሐምሌ 2016 የብሩ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የምልከው እዛ ሲደርስ በዝቶ ይታያል፤ ዘይቱም በጉም አብሮ መውጣቱን ደግሞ እሰማለሁ። ይኸው ነው። ስለ ብር ከዚህ በላይ አላወራም፤ አንጀቴ ያራል።

እራቱን የጋበዙኝ አሠሪዎቼ ናቸው። ልጅቱ 18 ዓመት ሞላት። እኔ ስመጣ አሥር ዓመቷ ነበር። ጸጉሯን ስሠራላት፣ ጥርሷ ሲነቀል ደሟን ስጠርግላት ነው ያደገችው። «ለልደትሽ ምን ትፈልጊያለሽ?» ቢሏት «ጃፓን ምግብ ቤት እንሂድ፣ እሷም ከእኛ ጋር ትቀመጥ» አለች። ትቀመጥ ያለችው ይግባሽ እማዬ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከነሱ ጋር ስንት ሆቴል ገብቻለሁ። ቦርሳ ይዤ፣ የእንግዳ ሕፃን አቅፌ፣ ጥግ ላይ። አጠገባቸው ተቀምጬ ስበላ ግን ያ ማታ የመጀመሪያዬ ነው። ማዳም ትንሽ ዝም አለችና «እሺ፣ ጥሩ ልብስ ልበሺ» አለችኝ። ለዒድ የላክሽልኝን አረንጓዴ ቀሚስ ለበስኩ። ፎቶው ላይ ሰው ሁሉ ሳህኑን ነው ያየው። ቀሚሱን ያየልኝ የለም።

ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። በሩን ገና ስናልፍ ምግብ ሠሪዎቹ ሁሉ ባንድ ድምፅ «ኢራሻይማሴ!» ብለው ጮኹ። እኔ እሳት ተነሳ ብዬ ወደ ኋላዬ አፈገፈግኩ። ለካ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለታቸው ነው። ረጅም የእንጨት ባንኮኒ ፊት ተደርድረን ተቀመጥን። ከዚያ ትኩስ እርጥብ ፎጣ ሰጡን። ማስታጠቢያ ይዞ የሚዞር የለም፤ የእጅ መታጠቢያው እሱ ነው። እኔ ፊቴንም ጠረግኩበት። ልጅቱ በሳቅ ሞተች።

ሜኑ የለም። «ኦማካሴ» ይሉታል፤ ላንተ ትቼዋለሁ እንደማለት። ምግብ ሠሪው የፈቀደውን ያቀርባል፣ እንግዳው ይበላል። ያው አንቺ ቤት እንደሚደረገው።

ሰውየው ሸምገል ያለ ጃፓናዊ ነው። ቢላው ቀጭን፣ ረጅም፣ ባንድ ጎኑ ብቻ የተሳለ። አሳውን አይገዘግዘውም። አንዴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳብ ያደርገዋል፣ አለቀ። አባዬ ትዝ አለኝ፣ አላህ ይዘንለት። ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቆሮሶ ሲቀርፍ፣ ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ጸጉሬ ላይ ሲለጠፍ። ያን ቢላ ቢያየው ኖሮ አሳውን ረስቶ ቢላውን ሲያገላብጥ ያመሽ ነበር።

ከዚያ ለብ ያለ ሩዝ ይቆነጥራል። ሆምጣጤ የተደረገበት ነው። በሁለት ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አሳውን ላዩ ላይ ያስተኛዋል። መሀላቸው ዋሳቢ የሚሉትን አረንጓዴ ነገር ይቀባል። ተክል ነው፤ እዚያው ፊታችን የሻርክ ቆዳ በተለጠፈበት እንጨት ላይ ፈቀፈቀው። ምን መሰለሽ? ሰናፍጭ! አፍን ትቶ ቀጥ ብሎ አፍንጫ የሚገባው፣ ያው የኛው ሰናፍጭ። ማዳም እንባዋ መጣ። እኔ ወይ ፍንክች። ሰናፍጭ በልቶ ያደገ ሰው በዋሳቢ ይደነግጣል እንዴ?

«ጥሬ አሳ በላሽ?» እንደምትይ አውቃለሁ። በላሁ። ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ የሚቆርጥ አገር ልጅ ሆኜ አሳ ላይ ብጠየፍ ማን ይሰማኛል? ወንድሜ ግን፣ አንተ፣ የሐይቁን አሳ ጥሬውን እንዳትሞክራት። ይኼ የባሕር አሳ ነው፤ ትል ካለበት እንዲሞት አስቀድሞ በኃይለኛ ማቀዝቀዣ ይቆያል አሉኝ። አንተን ስለማውቅህ ነው።

ሐላልነቱንም ማዳም ገና ሳንቀመጥ ጠይቃለች። ሚሪን የሚባል ጣፋጭ የሩዝ ጠጅ አላቸው፣ ብዙ ስጎ ውስጥ ይገባል። ለእኛ ያለ እሱ ሠሩልን። አብሽሪ።

የቱና የሆዱ ሥጋ መጣ። ኦቶሮ ነው ስሙ። እንደ ሻኛ ነጭ ስብ የገባበት። ሳላኝከው አፌ ውስጥ ጠፋ። ጣፈጠኝ እማዬ። ይህን ልደብቅሽ አልችልም። ጣፍጦኝ ጣፍጦኝ፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

አሁን የምነግርሽን ለእህቴም ንገሪያት። መብያቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨት ነው፣ ቾፕስቲክ። እኔን እምቢ አለኝ፤ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። ልጅቱ አዘነችልኝና በራሷ እንጨት አንዱን አንስታ ወደኔ ዘረጋች። እኔም በእንጨቴ ልቀበላት ስል ሰውየው እጁን አነሳ። በትሕትና ነው፣ ግን ፊቱ ተለወጠ። ለካ በነሱ አገር ሬሳ ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰቡ አጥንቱን በእንጨት ያነሳል፤ አንዱ ከሌላው በእንጨት ይቀባበላል። ምግብ እንዲያ አይሰጣጡም። ቀብር ያስታውሳል። እንጨቱን ሩዝ ላይ መሰካትም እንደዚያው ነው አለን፣ ለሙታን ነው የሚደረገው።

ሁላችንም ዝም አልን። በልደት ቀን ይኼ ምን ዓይነት ነገር ነው? እኔ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። ባለኝ አረብኛ «እኛ አገር በእጅ ነው» አልኩ። ቢስሚላህ ብዬ፣ እንቁላሉን በሁለት ጣቴ አንስቼ ልጅቱን አጎረስኳት። አፏ ሞልቶ ማዳምን እያየች ሳቀች። ሰውየው ምን እንዳልኩ ሲተረጎምለት እሱም ሳቀ። ሱሺ ድሮም በእጅ ይበላል አለ። እንጨቶቼን አነሳልኝና ከዚያ በኋላ እየሠራ መዳፌ ላይ ያስቀምጥልኝ ጀመር። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ሁለተኛ አጎረስኳት። ሦስተኛውን ስዘረጋ እጄ ቆመ።

እዚህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። እናንተ ጋ ሁለት። ያኔ ነው ስልኬ የነዘረው። የእህቴ እጅ ነው። ሂና የተቀባ። ፊቷ የለበትም፣ እጇ ብቻ። እጇን የማላውቀው ይመስል ብዙ አየሁት። አውራ ጣቷ ላይ ያ የማጭድ ጠባሳ አለ፣ ሂናው አልሸፈነውም። ወዲያው ልጅቱ «ፎቶ እንነሳ!» አለች። ዓይኔ የቀላው በዋሳቢው ነው።

ለምን ለጠፍሽው ካልሽኝ፣ በስምንት ዓመት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ የተነሳሁት ፎቶ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሂሳቡንም አየሁት። ባላየው ይሻል ነበር። የአንዱ ሰው 1,100 ድርሃም። የኔ የወር ደሞዝ 1,400 ነው። የበላሁት በግ ይገዛ ነበር እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ። ደግሞ መለስ እልና፣ ባልበላውስ ገንዘቡ እናንተ ጋ ሐይቅ ከተማ ይመጣ ነበር እንዴ? እላለሁ። ንገሩኝ እስቲ፣ ጥፋቴ የቱ ጋ ነው?

ይቅር። ስለ ሠርጉ ንገሪኝ። ቪዲዮው አንድ ደቂቃ ነው፣ እሱም ግማሹ የሰው ጀርባ። ጸጉሯን ማን ሠራላት? እኔ ነበርኩ የምሠራላት። ድቤውን ማን መታ? ጎረቤታችን ያቺ እልል ስትል ጆሮ የምትበጥሰው መጣች? ወደ ቢስቲማ ሲወስዷት መኪናው ውስጥ ማን አጠገቧ ተቀመጠ? አለቀሰች? አንቺስ? ሙሽራው ሲያዩት አንገቱን የደፋ ነው፤ ደፍቶ ይቅር ወይ ሲለምድ ይነሳ፣ እናየዋለን። ሽንኩርት መክተፍ እንደሚያስለቅሳት፣ ስትናደድ ምግብ እንደምትተው ማን ነገረው? እኔ ብኖር እነግረው ነበር። ቢስቲማ ቅርብ ነው፤ በየሳምንቱ ግን አትጥሪያት፣ ቤቷን ትልመድ። አይ፣ ጥሪያት። ጥሪያት።

ስለ ስኳርሽ ደግሞ። ሠርግ ነው ተብሎ ቀሪቦውን ስትደጋግሚ እንደነበር ሰምቻለሁ። ማን ነገረሽ አትበይኝ። አልኮል የለውም እንጂ ስኳር አለው እኮ! ክኒንሽን ከምግብ ጋር ውሰጂ። ባዶ እግርሽን ወደ ጓሮ አትውጪ። ማታ ማታ ወንድሜ ውስጥ እግርሽንና የእግር ጣቶችሽን መሀል መሀሉን ይይልሽ፤ ስኳር እግር ያደነዝዛል፣ ቁስል ቢወጣ አይሰማሽም። ረመዳን ደርሷል። ዓምና «እኔ ብሞት ጾሜ ልሙት» ብለሽ ያደረግሽውን አልረሳሁም። ዘንድሮ ሳይገባ ደሴ ሄደሽ ሐኪሙን ጠይቂ። አይሆንም ካለ አይሆንም። ለታመመ አላህ ራሱ ፈቅዷል፣ አንቺ ከሱ ልትጠነክሪ ነው? ዱዓሽ ይበቃኛል። ቡናው ሲፈላ በበረካው ላይ ስሜን ጥሪልኝ።

ወንድሜ፣ ከዚህ እስከ ተሰመረበት ድረስ ለራስህ አንብበው። ምን አለች ካለችህ «ስለ ትምህርቴ እየተቆጣች ነው» በላት። እንጨቱ የወደቀብኝ ስላላወቅኩበት ብቻ አይደለም። ጥር መግቢያ ላይ ዘይት ቀኝ እጄን አቃጥሎኝ ነበር፣ ከአንጓዬ በላይ። ማዳም ክሊኒክ ወስዳኛለች፣ ድኗል። ፎቶው ላይ እጅጌዬን የጎተትኩት ለዚያ ነው። ሌላው፣ ለኒካሑ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። እሺ ብለውኝ ኋላ «ከልደቱ በኋላ» አሉኝ። ለእማዬ ቲኬት ተወደደ ብያታለሁ፤ እንደዚያው ይሁን። ልጅቱ ይህን አታውቅም፣ ብታውቅ እራቱን አትበላውም። እህታችንም እንዳትሰማ።
____________

እማዬ፣ ኮምቦልቻ የምትገባ ሴት አግኝቼ ትንሽ ዕቃ ይዛላችኋለች። የስኳር መለኪያ ከነወረቀቱ፣ ለእህቴ ጨርቅ፣ ለአክስቴ ልጅም ሽቶ አለበት፤ ስጪያት፣ ምንም አትበያት። ከሥር በወረቀት የተጠቀለሉት ሁለት እንጨቶች የኔ ናቸው። ሰውየው ስንወጣ ነው የሰጠኝ። እንዳታነዷቸው።

እሁድ እረፍቴ ነው። ከዙህር በኋላ እደውላለሁ። እህቴም ትምጣ። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ስልኩን ቅዳሜ ማታ ቻርጅ አድርጉት።

ልጅሽ